ያረጀ ተሽከርካሪ ንጋት ላይ አልነሣ ሲል፦ ባትሪ ከመለወጥ በፊት መስመሩን መመርመር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ርእሰ ከተማ በእንጅባራ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ብርዱ ይበረታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በእነዚህ ወራት ሌሊቱን ደጅ ያደረ ተሽከርካሪ መስታወቱ በጤዛ ተሸፍኖ፣ የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ያነጋል። ሥራ ግን ብርዱ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው ተሳፋሪ፣ ድንቹን ለገበያ ማድረስ ያለበት ነጋዴ፣ የሕክምና ቀጠሮ የያዘው ሕመምተኛ ሁሉም ዓይናቸው አሽከርካሪው በያዘው ቁልፍ ላይ ነው።

ቁልፉ ሲዞር ግን ከሞተሩ አካባቢ "ጠቅ" የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ተሰምቶ ዝም ይላል እንበል። አሽከርካሪው ደጋግሞ ይሞክራል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሙከራ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። በማግስቱ ችግሩ ይመለሳል። አዲስ ባትሪ ይገዛለታል፤ ጥቂት ቀናት ደኅና ከሰነበተ በኋላ እንደገና እምቢ ይላል። ቀጥሎ የማስነሻው ሞተር ማለትም ሞተሪኖው ይለወጣል፤ ያም ለሳምንት ያህል ካገለገለ በኋላ ያው የቀድሞው ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ ጉዳዩ ሲጣራ ባትሪውም ሆነ ሞተሪኖው ጤነኞች ነበሩ። ጥፋቱ የተገኘው ባትሪውን ከሞተሩ አካል ጋር በሚያገናኘው አንድ የዛገ ገመድ ጫፍ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። "እንግዳ" ወይም "የማይታወቅ" ተብሎ የሚታለፈው የማስነሣት ችግር በአብዛኛው ምክንያቱ ቀላል ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ከመለወጥ በፊት የኤሌክትሪኩን መስመር በቅደም ተከተል መመርመር ብቻ ነው።

ነባር ተሽከርካሪን የመጠበቅ አስፈላጊነት

በአገራችን መንገዶች ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ የቶዮታ ሚኒባሶችን፣ ላንድ ክሩዘሮችንና የአይሱዙ የጭነት ተሽከርካሪዎችን ማየት የተለመደ ነው። እነርሱን በሌላ የመተካቱ ዕድል ደግሞ ከቀድሞው ጠብቧል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሆኖ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ አገልግሎት ላይ በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ከአዲሶቹ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ወስኗል። በመሆኑም በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቱ ትልቅ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ያለ ምርመራ የሚገዛ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ የአንድን ቤተሰብ የብዙ ቀናት ገቢ በከንቱ ይወስዳል።

የማስነሻው አሠራር

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የሚነሡት ከፊት ለፊት በሚገባ የብረት እጀታ በሰው ጉልበት እየተዘወሩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣው መኪናም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማስነሻ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ለአገልግሎት አብቅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪኖች ላይ ተገጠመ። መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና የሚሉትና በጋራዦቻችን ዘወትር የሚሰሙት ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ሲሆኑ፣ ክፍሎቹም ሆኑ ስሞቻቸው እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

አሽከርካሪው ቁልፉን ሲያዞር አነስተኛ ኤሌክትሪክ በቁልፉ ማብሪያ በኩል አልፎ በሞተሪኖው ላይ ወደተገጠመው ሶሌኖይድ ይደርሳል። ሶሌኖይዱ በማግኔት ኃይል ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያከናውናል። በአንድ በኩል የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ በሌላ በኩል ወፍራም የመዳብ መገናኛዎችን ዘግቶ ከባትሪው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። ሥራውን የጨረሰው ኤሌክትሪክ በሞተሩ ብረት በኩል አድርጎ፣ መካኒኮች "ማሳ" በሚሉት ገመድ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ይመለሳል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን የመመለሻ መንገድ ነው። መመለሻው ከተበላሸ የመሄጃው ደኅንነት ምንም አይጠቅምም።

የጉድለቱ ምሥጢር የሚገኘው በኤሌክትሪኩ መጠን ላይ ነው። የዳሽቦርድ አምፖል ከአንድ አምፔር ያነሰ ሲፈልግ፣ የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። በመስመሩ ላይ አንድ የዛገ መጋጠሚያ የኦም አንድ መቶኛ የሚያህል እንቅፋት ቢፈጥር፣ ለአንድ አምፔር አምፖል የሚያጎድለው የቮልት አንድ መቶኛ ብቻ ስለሆነ መብራቱ ደምቆ ይበራል። በዚያው መጋጠሚያ 200 አምፔር ሲያልፍ ግን 2 ቮልት እዚያው በሙቀት መልክ ይባክናል። ከ12 ቮልት ባትሪ 2 ቮልት በመንገድ ከቀረ ሞተሪኖው ይዝላል።

ነገሩ እግረኛ በሰላም እንደሚሻገርበት፣ ጭነት መኪና ሲወጣበት ግን እንደሚሰበር ያረጀ የእንጨት ድልድይ ነው። "መብራቱ ደኅና ስለሚበራ መስመሩ ደኅና ነው" የሚለው አስተያየት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ሸክሙ ሲከብድ ብቻ ነው።

ምልክቶቹን መለየት

የምርመራው መጀመሪያ ዕቃ መፍታት ሳይሆን ማዳመጥና ማየት ነው። ተሽከርካሪው ሲያስቸግር የሚያሳያቸው ምልክቶች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ "ጠቅ" ብሎ ወይም "ጠጠጠጥ" እያለ ተንቀጥቅጦ አለመዞሩ፣ ሦስተኛው ሞተሩ እየከበደው ቀስ ብሎ መዞሩ፣ አራተኛው ደግሞ በጥሩ ፍጥነት ዞሮ አለመነሣቱ ነው። በአራተኛው ምድብ ያለ ተሽከርካሪ የባትሪና የሞተሪኖ ችግር የለበትም፤ መመርመር ያለበት የእሳቱ ወይም የነዳጁ መስመር ነው።

የቀሩትን ሦስቱን ለመለየት የፊት መብራቱ ጥሩ ምስክር ይሆናል። መብራቱን አብርቶ ቁልፉን በማዞር ለውጡን ማየት ነው። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ ከቀጠለ ከፍተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም ማለት ነው፤ ስለዚህ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ፊውዙ፣ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ወይም የሶሌኖይዱ የመዳብ መገናኛ ይመረመራል። መብራቱ ፈጽሞ ድርግም ካለ በባትሪው ጫፎች አካባቢ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ መኖሩን ይጠቁማል። እየደከመ ከሄደ ደግሞ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ይዟል።

ተደጋጋሚው የመንቀጥቀጥ ድምፅም ምክንያት አለው። ሶሌኖይዱ ሲዘጋ ሞተሪኖው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ ደካማው ባትሪ ወይም መጥፎው መጋጠሚያ ቮልቱን ስለሚያወርደው ሶሌኖይዱ መያዝ ተስኖት ይለቃል። ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሶሌኖይዱም እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው ድምፁ የሚሰማው።

አንድ ጊዜ ብቻ በጥንካሬ "ጠቅ" ብሎ፣ መብራቱንም ሳያደክም ዝም የሚለው ደግሞ በአብዛኛው የመዳብ መገናኛዎቹ መበላታቸውን ያመለክታል። በቀድሞዎቹ የቶዮታ ተሽከርካሪዎች ላይ ይህ በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ሞተሪኖዎች ሁለቱን የመዳብ ቁርጥራጮች ብቻ ለይቶ መለወጥ ይቻላል። ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም።

በቴስተር መለካት

ከግምት ወደ እርግጠኝነት የሚያሻግረው መሣሪያ ቀላል የቮልት መለኪያ ወይም ቴስተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ቮልት ከግማሽ ብዙም ያልራቀ ኃይል መቅረቱን፣ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ደግሞ ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ዲናሞው በአግባቡ አይሞላም፤ በዚህ ሁኔታ የሚገዛ አዲስ ባትሪ በቀናት ውስጥ ይደክማል።

ዋናው ልኬት ግን የሚወሰደው ሞተሪኖው በሚሠራበት ቅጽበት ነው። በቅድሚያ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑ፣ የእጅ ፍሬኑም መያዙ ይረጋገጣል። ሞተሩ እንዳይነሣ በቤንዚን መኪና የቦቢናው ሽቦ፣ በናፍጣ መኪና የነዳጅ መዝጊያው ሽቦ ይነቀላል። ከዚያ አንድ ረዳት ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያህል ሲያዞር የሚከተሉት ይለካሉ።

አንደኛ፣ በባትሪው ሁለት የእርሳስ ጫፎች መካከል። መጠነኛ ሙቀት ባለበት ሰዓት ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየወሰደ ነው። ሁለተኛ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ባዶ ብረት። በዚህ መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ የማሳ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ተበላሽቷል። ሦስተኛ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መግቢያ። እዚህም ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። የቴስተሩ ጫፍ መነካት ያለበት ገመዱን በሚይዘው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ መሆን አለበት። ብዙውን ጊዜ እንቅፋቱ የሚፈጠረው በማሰሪያውና በእርሳሱ መካከል በተጋገረው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ስለሆነ፣ በማሰሪያው ላይ የለካ ሰው ጥፋቱን ያልፈዋል።

ቴስተር ለሌለው አሽከርካሪም መላ አለ። አንድ ወፍራም የባትሪ ማበደሪያ ገመድ ከኔጌቲቩ ጫፍ ወደ ሞተሩ ንጹሕ ብረት ማገናኘት ነው። ሰነፉ ሞተሪኖ በዚህ ብቻ ከበረታ ጥፋተኛው የማሳ መስመር ነው። ጥቂት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በጥንቃቄ መዳሰስም ይጠቅማል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሞቀው ኤሌክትሪኩ የሚባክንበት ነው።

የእንጅባራ ብርድና የቻግኒ ሙቀት

አንድ ተሽከርካሪ በአንድ ቦታ በሰላም ሲነሣ ቆይቶ በሌላ ቦታ የሚያስቸግርበት ሁኔታ ባለንብረቶችን ግራ ያጋባል። የአዊ ዞን የመሬት አቀማመጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ወደ ቻግኒ ሲወርድ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አየሩም በዚያው መጠን ይሞቃል።

በባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በኬሚካል ለውጥ ነው። ብርድ ይህን ለውጥ ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የባትሪው የማስነሣት ኃይል በሲሶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠየቃል። አቅም ሲቀንስ ፍላጎት ይጨምራል። በቻግኒ ጤነኛ መስሎ የዋለ አሮጌ ባትሪ በእንጅባራ ንጋት የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪውን የሚያስረጀው ግን በይበልጥ ሙቀቱ ነው፤ ውኃውን እያተነነ ውስጡን ይጎዳል። ብርዱ የሚያደርገው የተጎዳውን ማሳየት ነው።

የናፍጣ ተሽከርካሪዎች በብርድ ሰዓት ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። በብዙዎቹ ነባር ሞተሮች የመቀጣጠያውን ክፍል አስቀድሞ የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከተቃጠሉ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ያወጣል እንጂ ቶሎ አይነሣም። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ግን ያለ ችግር ይነሣል።

የሙቀት ጉድለት በተቃራኒው ነው። ተሽከርካሪው ጭነት ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ሲቆም የሞተሩ ግለት ወደ ሞተሪኖው ይተላለፋል። የመዳብ ሽቦ እንቅፋትነት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በ60 ዲግሪ የጋለ ሶሌኖይድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቀድሞም ደካማ ቮልት የሚደርሰው ከሆነ እስኪበርድ ድረስ አይሠራም። እንዲህ ሲሆን ሶሌኖይዱን ከመለወጥ በፊት በቀጭኑ ሽቦ በኩል የሚደርሰውን ቮልት መለካት ይገባል።

እንግዳ የሚመስሉ ጉድለቶች

ቁልፉ ሲዞር የጋዝ ወይም የፍሪሲዮን ኬብል የሚግል ከሆነ ይህ አስደንጋጭ ቢመስልም ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሞተሩ በላስቲክ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በማሳ ገመድ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ወይም ጥገና ላይ ተረስቶ ሲቀር ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ፈልጎ በቀጭኑ ኬብል ያልፋል። ይህ ለእሳት አደጋ ስለሚዳርግ ወዲያው መስተካከል አለበት።

ፑንቲና ባላቸው ነባር የቤንዚን መኪኖች ላይ ሞተሩ ቁልፉ ተይዞ ሳለ ተነሥቶ፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በብዙዎቹ መኪኖች ቦቢናው በማስነሻ ሰዓት ሙሉ ቮልት፣ ከተነሣ በኋላ ደግሞ በሬዚስተር የተቀነሰ ቮልት ያገኛል። ሬዚስተሩ ሲቃጠል ወይም የቁልፉ ማብሪያ አንዱ መገናኛ ሲበላሽ ሁለተኛው መስመር ይቋረጣል። በተቃራኒው ሞተሩ ቁልፉ በተለቀቀባት ቅጽበት ብቻ የሚነሣ ከሆነ የጠፋው የመጀመሪያው መስመር ነው።

ሞተሪኖውን በእንጨት ወይም በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት የሚሠራ ከሆነ በውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል። ይህ ዘዴ ቤት ለመድረስ ይጠቅም ይሆናል እንጂ መፍትሔ አይደለም።

እንደ አይሱዙ ባሉ ባለ 24 ቮልት የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይገናኛሉ። ለሬዲዮ ወይም ለስልክ መሙያ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መቀንጠብ ብዙ ጊዜ የሚታይ ልማድ ነው። ይህም አንዱን ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ሌላውን ከልክ በላይ የተሞላ ስለሚያደርገው ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ መግጠም ነው።

ማታ ደኅና ሆኖ የቆመ ተሽከርካሪ ባትሪው ባዶ ሆኖ ካነጋ ደግሞ ሌሊቱን ኤሌክትሪክ የሚስብ አንድ ነገር አለ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ በኔጌቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል አምፔር ሲለካ ከ0.05 አምፔር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ልኬቱ በየትኛው እንደሚወርድ መመልከት ነው። የማንኛውም ፊውዝ መነቀል ካልቀነሰው የዲናሞው ዳዮድ ሊጠረጠር ይገባል።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በአጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። ከሌላ ተሽከርካሪ ኃይል ሲበደሩ ሁለቱ ፖዘቲቮች በቅድሚያ ይገናኛሉ፤ የመጨረሻው የኔጌቲቭ ጫፍ በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ባለ 12 ቮልት መኪናን በ24 ቮልት ማስነሣት ዕቃዎቹን ያቃጥላል። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተላል። የጎደለ የባትሪ ውኃ የሚተካው በተጣራ ውኃ ነው፤ አሲድ መጨመር ባትሪውን ይጎዳል። ቁልፉ ተለቆ ሞተሪኖው መዞሩን ካላቆመ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ወዲያው መንቀል ያስፈልጋል።

ተሽከርካሪን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደርና ንጋት ላይ እያንደረደሩ ማስነሣት በብዙ ከተሞቻችን የተለመደ ነው። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ግን የፍሬን ረዳቱ እንደማይሠራና በአንዳንዶቹም መሪው እንደሚከብድ መዘንጋት አይገባም። ተሳፋሪ አሳፍሮ እንዲህ ማድረግ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርባት በእንጅባራ ፈረስ ሲያነክስ ኮርቻውን የሚለውጥ ባለቤት አይገኝም፤ በቅድሚያ ሰኮናውን አንሥቶ ያያል። አልነሣ ላለ ተሽከርካሪም ተገቢው ይኸው ነው። በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ በተለይም ክረምቱ አልቆ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ የባትሪውን ጫፎችና የማሳውን ገመድ ፈትቶ በብሩሽ አጽድቶ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ግሪስ መቀባት ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ምክንያት የሕክምና ቀጠሮ የያዘው ሕመምተኛ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ባለንብረቱም ለማያስፈልግ ባትሪ ሊያወጣው የነበረው ገንዘብ በኪሱ ይቀራል።